ብረት መፈለጊያ የት ይገኛል?

ቅዳሜ ጠዋት፣ ባለቤቴ ወደ ሥራው ከሄደ በኋላ፣ እትዬ አበዛሽ ዳቦአቸውን በሻይ እየነከሩ፣ «ይህ ግቢያችሁ ላይ የተሰመረው ነጭ ነገር ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እትዬ አበዛሽ የባለቤቴ የዘገዬ ታላቅ እህት ናቸው። ከአቦምሳ የመጡት ለዓይናቸው ሕክምና ነው፤ ሐሙስ ማታ ደርሰው አርብን ሲተኙ ስለዋሉ ግቢውን በወጉ ያዩት ገና ያን ዕለት ነበር። ኖራ መሆኑን ነገርኳቸው። ቀበሌያችን የቦኖ ውሃ ሊያስገባ ነው፤ ቧንቧው ከላይኛው መንገድ ተነሥቶ በአሥራ አራት ቤቶች ግቢ እያለፈ ታች ገበያው ጋ ይደርሳል፤ ነገ እሑድ ነዋሪው ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ በዘመቻ ይቆፍራል፤ ከላይ ጀምሮ፣ አጥር እየጣሰ፣ ከግቢ ወደ ግቢ። እሳቸው ዳቦውን ከሻዩ ሳያወጡ አዳመጡኝ። ዳቦው ረስርሶ ብርጭቆው ውስጥ ወደቀ። «ወይ እኔ» አሉ። «ታዲያ የአባባ ሽጉጥ ምን ይሁን?»

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር በሩን መዝጋት ነው። ከዚያ መስኮቱን። ልጄን ጓዳ ገብታ ፊደሏን እንድትጽፍ ላክኋትና ከእትዬ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። በሹክሹክታ ነገሩኝ። መጋቢት 1969፣ ቤት ለቤት የጦር መሣሪያ የተፈተሸበት የአሰሳው አዋጅ ሲነገር እኔ ሞጆ እናቴ ቤት አራስ ነበርኩ፤ ያችው ፊደል የምትጽፈው ልጄ የተወለደችው ያን ጊዜ ነው። ዘገዬ ለሁለት ወር አዋሽ ጣቢያ ተመድቦ ሄዷል። ቤቱን የሚጠብቁት እሳቸው ብቻቸውን ነበሩ። አባታቸው ሲሞቱ የተረፈችውን ሽጉጥ ከአቦምሳ በበርበሬ ከረጢት ውስጥ ይዘዋት የመጡት እሳቸው ናቸው፤ ለምን እንዳመጧት ዛሬም በደንብ አይገባቸውም። «የአባባ እጅ የነካት ናት ብዬ ነው መሰለኝ» አሉ። አሰሳው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ዘይት በነካው ጨርቅ ጠቅልለው፣ በትልቁ የዱቄት ወተት ጣሳ ከተው፣ ግቢው ውስጥ ቀበሯት።

«የት ጋ?» አልኳቸው።

«ከሎሚው ዛፍ ሦስት እርምጃ ወደ ማድቤቱ።»

ሎሚው ደርቆ ከቆረጥነው አራት ዓመቱ ነው። ማድቤቱን ምስጥ በልቶት አፍርሰን በሌላው በኩል ከሠራነው ሦስት። ግቢያችን አሁን ከአጥር እስከ አጥር ንፋስ ሲነሣ ዓይን የሚሞላ የናዝሬት አሸዋ ብቻ ነው፤ ዛፉ የት እንደነበር ብጠየቅ እኔም ሦስት ቦታ አሳያለሁ። ለወንድማቸው ለምን እንዳልነገሩት ጠየቅኋቸው። «እንዴት ብዬ! እሱ ሲመለስ በቤቴ የጦር መሣሪያ የለም ብሎ ሊፈርም አይደል? እውነቱን እንዲፈርም ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ብነግረው ውሸታም አደርገው ነበር» አሉኝ። ከዚያ በኋላስ? ከዚያ በኋላ ረስተውታል።

«ሽጉጥ ይረሳል እንዴ እትዬ?»

«አይ አንቺ ልጅ» አሉ፣ የረሰረሰውን ዳቦ በማንኪያ እያወጡ። «በዚያ ዓመት ያልተረሳ ምን አለ?»

እኔ መጥፎውን ነገር ቀድሜ ማየት ልማዴ ነው። ልጄ ስታስል ሆስፒታሉን፣ ዘገዬ አምስት ደቂቃ ሲዘገይ ሬሳውን አያለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የተቀመጥኩ ዕለት እንኳ ወድቄ ስመለስ እናቴ የምትለውን ቃል በቃል አዘጋጅቼ ነበር የገባሁት፤ አልፌም ደስ ሳይለኝ ቀረ። ስለዚህ ያን ጠዋት ያየሁትን ለማየት ብዙ አልደከምኩም። ነገ በአራት ሰዓት ገደማ ስልሳ ሰው ግቢያችን ውስጥ ይቆማል። የአንዱ ዶማ ቃ ይላል። ጣሳው ይወጣል፤ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገመዳ «ማንም እንዳይነካ» ይላል። ከዚያ ዘገዬ የፈረመው ወረቀት ከፋይል ይወጣል። ዘገዬ በባቡር ጣቢያው ዕቃ ክፍል ጸሐፊ ነው፤ የአንድ ከረጢት ክብደት በግማሽ ኪሎ ቢሳሳት እንቅልፍ የማይወስደው ሰው። «አላውቅም ነበር» ይላል፤ እውነቱን ነው፤ ማን ያምነዋል? እህቱ የዓይን ሕክምናቸውን ትተው «እኔ ነኝ» ይላሉ፤ ሁለቱንም ይዘዋቸው ይሄዳሉ። እኔ ምሳ ዕቃ ይዤ እስር ቤት በር ላይ እቆማለሁ። የምይዘው ምሳ ዕቃ እንኳ ታይቶኝ ነበር፤ ክዳኑ የማይገጥመው ሰማያዊው።

ራሳችን ቆፍረን እንዳናወጣት ግቢው ሰፊ ነው፤ እኔና አንዲት ዓይናቸው የታመመ ሴት ሳምንት ቢፈጅብን ነው። ደግሞ አጥራችን ቅንጭብ ነው፤ ያሳያል። ከበራችን ትይዩ የወይዘሮ ወርቅውሃ በረንዳ አለ። ወይዘሮ ወርቅውሃ ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፤ የሚገባና የሚወጣውን ታያለች፤ ያየችውን ለቀበሌ ትናገራለች ይባላል። ማን እንዳለ አላውቅም፤ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ እኔና እሷ ራስ ከመነቅነቅ ያለፈ ሰላምታ የለንም። የምትፈትለውን ጥጥ ለማን እንደምትሰጠው እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።

ያን ጊዜ ነው መሣሪያው ትዝ ያለኝ። መስከረም ላይ፣ የአብዮት በዓል ዋዜማ፣ ሰልፍ የሚደረግበትን ሜዳ ወታደሮች ሲያስሱ አይቻለሁ። በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ሰሐን የመሰለ ነገር አለ፤ ጆሮአቸውን ሸፍነው ሰሐኑን መሬቱን ሳያስነኩ ቀስ ብለው ያንሸራሽሩታል። አንዱ በድንገት ቆመና ጎንበስ ብሎ የጠርሙስ ቆርኪ አነሣ። ብረት መፈለጊያ ነው አሉን። ቆርኪ ያገኘ ጣሳ አያጣም። ጥያቄው የት ይሸጣል የሚለው ነበር። የልብስ ስፌት መኪና ስንገዛ እንዳደረግሁት በልቤ አወጣሁ አወረድኩ፤ ሱቅ አለ፣ ኮንትሮባንድ አለ፣ ጠጋኝ ቤት አለ። ነጠላዬን ለበስኩ። ከወሩ አስቤዛ የቀረውን ሠላሳ ብር በመሐረብ ቋጥሬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩ። ሠላሳ ብር እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ግን ባዶ እጅ ዋጋ መጠየቅ አልወድም። «ካገኘናትስ በኋላ?» አልኳቸው እትዬን በሩ ላይ። «እሱን ለእኔ ተዪው። ወደ አቦምሳ ስመለስ አውቶቡሱ በአዋሽ ድልድይ ላይ ያልፋል» አሉ። ኬላው ታየኝ፤ ፈታሹ ታየኝ። ወጣሁ። ወይዘሮ ወርቅውሃ ከበረንዳዋ ራሷን ነቀነቀች፤ እኔም ነቀነቅሁ።

ምን ጠፋብሽ ቢሉኝ የጆሮ ጌጥ እላለሁ ብዬ ወስኜ ነበር። በጋሪ መናኸሪያ ወረድኩ፤ ሃምሳ ሳንቲም። መናኸሪያው ጀርባ ምስማር በኪሎ፣ ቆርቆሮ በቁጥር የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ የተማሪ ቤት ጓደኛዬ አጎት ስለሆኑ አያጭበረብሩኝም። ሱቃቸው ዝገትና ናፍጣ ይሸታል። የጆሮ ጌጤ ግቢ ውስጥ ወድቆ አሸዋ እንደዋጠው ነገርኳቸውና ብረት መፈለጊያ የሚባል መሣሪያ የት እንደሚገኝ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «አዲስ አበባ የመንግሥት መደብር ይኖር ይሆናል። ግን ያለ ደብዳቤ አይሸጡልሽም። ከቀበሌሽ ሊቀመንበር የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት፣ ለምን እንደምትፈልጊው የሚገልጽ» አሉ። ጓድ ገመዳ ማኅተሙን ሲያነሣና «ለምን ነበር?» ሲለኝ ታየኝ። «ይቅርብኝ» አልኳቸው። «ወንፊት ልስጥሽ? አፈሩን ነፍተሽ ታገኚዋለሽ። ሰሞኑን ወንፊት በጣም እየሄደልኝ ነው፤ አምስት ነበር፣ ሁለት ቀርቷል። ሰው ሁሉ ግንበኛ ሆኗል መሰለኝ» አሉ። ወንፊት ለጆሮ ጌጥ ይሆናል፤ ለእኔ ግን አይሆንም። አመስግኜ ወጣሁ።

ኮንትሮባንድ የምትነግደው በድሪያ የምትኖረው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። እዚያ ለመድረስ በጣቢያው ግቢ ማለፍ ግድ ነው፤ በዕቃ ክፍሉ መስኮት ዘገዬን አየሁት። ጎንበስ ብሎ ወረቀት ላይ ማኅተም ያሳርፋል፤ ካሳረፈ በኋላ መልካም መውጣቱን ለማየት ራሱን ያዘነብላል። እርምጃዬን ቢሰማ እንኳ ቀና ባላለ ነበር፤ አንዱ ተሸካሚ ግን «ባለቤትህ» አለው። መስኮቱን ከፈተ። «ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አለኝ። «ሳሙና አለ ብለውኝ» አልኩት። «እትዬ ብቻዋን ናት?» «ከልጅቷ ጋ ናቸው።» ትንሽ ተያየን። የእሱ ቤተሰብ እንዲህ ነው፤ ትልቁን ነገር ሁሉ ዝም ብለው ያሳልፉታል፤ አባታቸው ሲሞቱ እንኳ እትዬና እሱ አንድ ሌሊት ሙሉ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ያደሩት ስለ ጤፍ ዋጋ እያወሩ ነው። እዚያው መስኮቱ ላይ ልነግረው ፈልጌ ነበር። ተሸካሚው ግን አልሄደም። ደግሞ ካወቀ፣ ማታ ቀበሌ ሄዶ «ያ የፈረምኩት ስህተት ነበር» ብሎ የሚናገር ሰው ነው። «ከሁለት ብር ከሃምሳ በላይ እንዳትገዢ» አለኝና መስኮቱን ዘጋው።

በድሪያ በሳምንት ሁለት ጊዜ በባቡር ድሬዳዋ ትመላለሳለች። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ ግን ሽቶ፣ ሸራ ጫማ፣ የሕፃን ወተት፣ ካኪ፣ ከአልጋው ሥር እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ከእኔ ጋር ያስተዋወቃት ሳሙና ነው። የጆሮ ጌጡን ነገር ስነግራት የታጠፈ ሽርጥ ላይ ተደግፋ ሳቀች።

«አቦ! ብረት መፈለጊያ! ዘውድነሽ፣ የጉምሩክ ፊናንሶቹ እስካሁን በዓይናቸው ፈልገው ነው የሚያገኙኝ። እሱን ደግሞ ይዤላቸው ልምጣ? እኔኑ ሊፈልጉበት!»

«ከጅቡቲ ይመጣል ወይ ነው ያልኩሽ።»

«ወላሂ ከጅቡቲ የማይመጣ ነገር የለም። ለሚቀጥለው ሐሙስ። አራት መቶ ሃምሳ ብር፤ ግማሹን ዛሬ።»

«ለነገ ነው የምፈልገው።»

«ለነገማ ደብዳቤም አይደርስ።» ሽርጡን አጥፋ ጨረሰችና ጆሮዬን አየች። «ቆይ፣ ለአንድ የጆሮ ጌጥ አራት መቶ ሃምሳ? እኔ አዲስ ጥንድ፣ ያውም የየመን ወርቅ፣ በመቶ ሰማንያ እሰጥሻለሁ። ደግሞ የጠፋብሽ የትኛው ነው? ሁለቱም ጆሮሽ ላይ ናቸው።»

እጄን ወደ ጆሮዬ ሰደድኩ። እውነቷን ነው፤ ሁለቱም አሉ። በድሪያ ግን ሳቋን አቆመችና ሌላ ሽርጥ ማጠፍ ጀመረች፤ ምንም አልጠየቀችኝም። የሰው ሻንጣ ውስጥ ምን እንዳለ መጠየቅ ሥራዋ አይደለም። ጥቂት ቆይታ፣ እንዳላየችኝ ሆና፣ «ሃምሳ አለቃ ጉተማ ጋ ሂጂ» አለች። «ሬዲዮ ጠጋኙ። ኦጋዴን ፈንጂ ሲለቅም የነበረ ሰው ነው። እሱ ከሬዲዮ ዕቃ ይሠራዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። መሸጥ ባይሸጥልሽ ያከራይሻል።» ከመውጣቴ በፊት ጠራችኝ። «የእኔ እህት፣ ጌጦቹን አውልቂያቸው መጀመሪያ።»

በመንገድ ላይ አወለቅኋቸውና በመሐረቡ ቋጠርኳቸው። ሃምሳ አለቃ ጉተማ ፈንጂ ሲለቅም የነበረ ወታደር ከሆነ ወታደሮች ያውቁታል፤ ወታደሮች የሚያውቁት ሰው ደግሞ ይናገራል፤ ገብቼ ስጠይቀው «እሺ፣ ስምሽ ማን ነው?» ይላል፤ ይጽፋል። እንዲህ እያልኩ ሱቁ በር ላይ ደረስኩ። ሱቁ ከአንድ አልጋ አይሰፋም። ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮዎች በመደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል፤ የሚሸተው የቀለጠ እርሳስ ነው። ሰውየው አንድ እግሩን ሳጥን ላይ ዘርግቶ ሽቦ ይጠመጥማል።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ እህቴ» አለኝ ቀና ሳይል።

«ነጋ፣ ደህና። እንደምን አሉ? እኔ... የጆሮ ጌጥ ግቢ ውስጥ ጠፍቶብኝ...»

ሽቦውን አስቀመጠ። ፊቴን ሳይሆን ጆሮዬን አየና ፈገግ አለ። «ከየትኛው ቀበሌ ነሽ? ቆይ፣ አትንገሪኝ። ኖራ ከተሰመረበት ቀበሌ ነሽ።»

ወንበር ሳይሰጠኝ ተቀመጥኩ።

«አይዞሽ። ሰባተኛዋ ነሽ» አለ። «ከሐሙስ ጀምሮ ከእናንተ ቀበሌ ስድስት ሰው የጆሮ ጌጥ ጠፋብኝ እያለ እዚህ መጥቷል። አራቱ ወንዶች ናቸው። አንዱ ጢሙ እስከዚህ የሚደርስ ሽማግሌ ነው። በጆሮዎ ነው የሚያደርጉት ወይስ በአፍንጫዎ ብዬ ልጠይቀው ነበር፤ አሳዘነኝ።»

«ሰባት?»

«ሰባት። ምን ታደርጊዋለሽ፣ በዚያ ዘመን ጌጥ ያልጠፋበት ቤት የለም።» ሽቦውን መልሶ አነሣ። «መሣሪያው አንድ ነው ያለኝ። ከሁለት አሮጌ ሬዲዮ የሠራሁት ነው። አይሸጥም፤ በቀን አሥር ብር አከራየዋለሁ። አሁን ግን የለም፤ ከትናንት ጀምሮ ሰው ጋ ነው። ዛሬ በአሥር ሰዓት መልስልኝ ብለው፣ በአሥር ሰዓት ስብሰባ አለኝ አለ። ስብሰባው ይቅርብህ ብለው፣ እንዴት ብዬ እቀራለሁ፣ የምመራው እኮ እኔ ነኝ አለኝ።»

ይህን ከተናገረ በኋላ በጣም ብዙ እንደተናገረ ገባው መሰለኝ፣ ሬዲዮ ከፍቶ ጣቢያ መፈለግ ጀመረ። እኔም የሰማሁትን እንዳልሰማሁ ሆኜ ተነሣሁ። በእኛ ቀበሌ የዚያን ዕለት በአሥር ሰዓት አንድ ስብሰባ ብቻ ነበር፤ የነገው ቁፋሮ ስብሰባ። የሚመራው ጓድ ገመዳ ነው።

ጋሪ አልያዝኩም፤ በእግሬ ሄድኩ። ፀሐዩ ግንቦትን የሚያህል ፀሐይ ነው፤ አቧራው በየቅጽበቱ እየተነሣ ይሽከረከራል። እየሄድኩ ሰባቱን ሰዎች በልቤ ፈለግኋቸው። ጢሙ እስከዚያ የሚደርስ ሽማግሌ ማን እንደሆነ አወቅሁት፤ ከእኛ ሦስተኛ ቤት ናቸው፤ በየስብሰባው ፊት ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። ለስድስት ዓመት እኔ ከእሳቸው ስሸሸግ፣ ለካ እሳቸውም ከእኔ ነበር የሚሸሸጉት። ይህ ሊያጽናናኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ስልሳ ሰው ከግቢ ወደ ግቢ እየገባ ሲቆፍር በመጀመሪያው ግቢ አንድ ነገር ይወጣል፤ ያ የወጣበት ሰው ፈርቶ ጣቱን ወደ ሁለተኛው ይቀስራል፤ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው። የእኛ ቤት ዘጠነኛ ነው። ጉተማ መሣሪያውን ቢያከራየኝ እንኳ አንዱን ግቢ እንጂ አሥራ አራቱን አልፈልግበትም። ሽጉጧን ዛሬ አውጥቼ ነገ የጎረቤቴ ቢወጣ፣ እኛንም መፈተሻቸው አይቀርም። መሣሪያ ከየትም ብገዛ አያድነኝም ማለት ነው። ይህን ያሰብኩት የእህል መጋዘኑ ጋ ስደርስ ነው፤ ቆሜ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሁሉ ዞሬ ነበር፤ ዞሬ ግን የምሄድበት ቦታ አልነበረኝም።

ቤት ስደርስ እትዬ አበዛሽ በመቋሚያቸው እየተደገፉ፣ ፀሐዩ ላይ፣ ግቢውን በእርምጃ እየለኩ አገኘኋቸው። ሦስት ቦታ እንጨት ተክለዋል። «ከሦስቱ አንዱ ነው» አሉኝ። ሁለቱ ኖራው ላይ ናቸው። እንጨቶቹን ነቅዬ ወደ ቤት አስገባኋቸው። በረንዳው ላይ ወይዘሮ ወርቅውሃ እንዝርቷን ታሾራለች።

ስብሰባው የሚደረገው ድሮ የአንድ ነጋዴ መጋዘን በነበረው አዳራሽ ነው። እኔ ኋላ፣ ግድግዳው ሥር፣ ከዘገዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በስብሰባ ተናግሬ አላውቅም፤ ስም ሲጠራ «አቤት» እላለሁ፣ እጅ ሲወጣ አወጣለሁ። ጓድ ገመዳ ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ገባ። ሰዓት በማክበር የሚታወቅ ሰው ነው። የሱሪው ጉልበት አሸዋ ነክቶታል፤ ያ የሚኮራበት ጎፈሬው ደግሞ ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ መሐል ለመሐል፣ ጎድጉዷል፤ የሆነ ነገር ለረጅም ጊዜ ተጭኖት እንደነበረ ሁሉ። ወታደሮቹ ጆሮአቸው ላይ ያደረጉት ነገር ትዝ አለኝ። ፊቱ ግን የደከመው ሰው ፊት ነበር። አግኝቶ ቢሆን እንዲህ አይደክምም ብዬ አሰብኩ።

«ኢትዮጵያ ትቅደም» ብሎ ጀመረ። ነገ በአንድ ሰዓት ከላይኛው መንገድ እንደሚጀመር፣ ዶማ የሌለው አካፋ፣ አካፋ የሌለው ዘምቢል እንደሚያመጣ አነበበ። ድምፁ ወደ መጨረሻው ላይ ቀነሰ። «አስተያየት ያለው?» አለ። አንድ ሕፃን አለቀሰና እናቱ ጡት አጎረሰችው። እኔ የራሴን እጅ አየሁት፤ ከፍ ብሎ ነበር።

«ወይዘሮ... ዘውድነሽ» አለ ገመዳ፤ ስሜን ለማስታወስ ትንሽ ተቸገረ። ዘገዬ ዞሮ አየኝ።

ተነሣሁ። ነጠላዬን በሁለት እጄ ይዣለሁ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሥራው እንዲፈጥን ብዬ ነው» አልኩ። «ስልሳ ሰው በአንድ ግቢ ሲገባ እርስ በርስ ይጋፋል። አትክልት ይረገጣል፤ አጥር ይፈርሳል። ኖራው ያለፈበት ቤት እያንዳንዱ የየራሱን ግቢ ቢቆፍር፣ አሥራ አራቱም በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ያልቃል። የቀረው ሰው ደግሞ መንገድ መንገዱን ይቆፍር፣ ቧንቧውንም ያምጣ።»

ተቀመጥኩ። እንግዲህ አንዱ ተነሥቶ «ለምን? ግቢሽ ውስጥ ምን አለሽ?» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጢማሙ ሽማግሌ ከፊት ተነሡ። «እኔ እደግፋለሁ» አሉ። «ደግሞ ጉድጓድ ነውና፣ ሕፃናት እንዳይወድቁ፣ ሲቆፈር የየግቢው በር ቢዘጋ።» አንድ ሴት «እውነት ነው፣ ሕፃናት» አለች። ሌላው «አዎ፣ ሕፃናት» አለ። ልጅ የሌላቸው ሁሉ ስለ ሕፃናት ተናገሩ። ጓድ ገመዳ «የሚደግፍ» ብሎ ሳይጨርስ እጆች ወጡ። እንዲህ ፈጥኖ የወጣ እጅ በዚያ አዳራሽ አይቼ አላውቅም። እሱም ራሱ፣ ብዙውን ጊዜ የሚቆጥር እንጂ እጅ የማያወጣው፣ አወጣ። የቀበሌው ጸሐፊ በቃለ ጉባኤ ላይ «የሥራ ክፍፍሉን ለማቀላጠፍ» ብሎ ጻፈው።

ወደ ቤት ስንመለስ ዘገዬ የተናገረው ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው። «ሳሙናው ተገኘ?» አለኝ። «አልተገኘም» አልኩት። «ስብሰባ ላይ ስትናገሪ ገና ዛሬ ሰማሁ» አለ። እኔም ምንም አላልኩም። እኔም የእነሱ ቤተሰብ ሆኛለሁ ማለት ነው።

እሑድ በአንድ ሰዓት በሩን ዘጋን። ዘገዬ ሸሚዙን አውልቆ በካናቴራ ኖራው ላይ ቆመ። እትዬ አበዛሽ በዱካ ላይ፣ ፊታቸውን በነጠላ ጥላ ሸፍነው ተቀምጠዋል። ልጄን ጓዳ አስገብቼ በሩን በውጭ ቀረቀርኩት። በየግቢው ዶማ ይሰማል፤ የአሥራ አራት ቤት ዶማ፣ አንዱ ሲያነሣ አንዱ ሲጥል። ጆሮዬን ጣልኩ። ከላይ በኩል አንዱ ጋ በድንገት ቆመ፤ የቤት በር ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ከዚያ ዶማው ቀጠለ። ቀጥሎ ሌላ ቤት ቆመ። የጓድ ገመዳ ግቢ ታች ነው፤ እዚያ ከሁሉም ረጅም ጊዜ ቆመ። ማንም «ምን አገኛችሁ?» ብሎ በአጥር አልተጣራም።

ዘገዬ ከሎሚው የቀረ የበሰበሰ ሥር ላይ ደረሰ። ሥሩን ሲመታ ቃ አለ። የብረት ድምፅ ነው። እጁ እንደተነሣ ቀረ። እኔን አላየኝም፤ ዱካው ላይ የተቀመጡትን እህቱን ነው ያየው። እሳቸውም ነጠላቸውን ከፊታቸው አወረዱ።

«የአባባ ነው?» አለ።

እትዬ አበዛሽ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘገዬ በአሸዋው ላይ ተንበርክኮ በእጁ ጠረገ። የጣሳው አፍ ይታያል፤ ግን ሥሩ ጠምጥሞ ይዞታል፤ ሥሩን ሳይቆርጡ አይወጣም፤ ሥሩ ሲቆረጥ ደግሞ ዶማው ጣሳውን ይነካል። አንድ ጊዜ መታ። ቃ! ልክ ያን ጊዜ የግራና የቀኝ ጎረቤቶቻችን ዶማ አቁመው ነበር፤ መንደሩ በሙሉ ጸጥ ብሏል። ያ ድምፅ ወጥቶ፣ በቅንጭቡ አልፎ፣ መንገዱን ሲሻገር ሰማሁት። በቅንጭቡ ክፍተት አየሁ። ወይዘሮ ወርቅውሃ በረንዳዋ ላይ እንዝርቷን አቁማለች፤ ወደ እኛ ግቢ ቀጥ ብላ ታያለች። አለቀ አልኩ። ሰማያዊው ምሳ ዕቃ ታየኝ።

ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ነጠላዋን አንሥታ ወደ ቀበሌ ልትሄድ ነው ብዬ በሯን በሯን አያለሁ። ሙቀጫ አቅፋ ወጣች። በረንዳው መሐል አስቀመጠችውና ዘነዘናውን አነሣች። በሰንበት እህል የማታስፈጭ፣ ልጆች እሑድ ጠዋት እንጨት ሲሰብሩ ካየች የምትቆጣ ሴት ናት። ድም፣ ድም፣ ድም፣ ታሰማው ጀመር። በርበሬም አልሸተተኝ፣ እህልም ሲፈናጠር አላየሁ፤ ባዶውን ነበር የምትወቅጠው።

ዘገዬ አዳመጣት። ከዚያ ዶማውን አነሣ፤ እሷ ዘነዘናውን ስታወርድ እሱም አወረደ።